በቤት የሚጠገን መኪና፦ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው መኪናውን ግቢው ውስጥ ራሱ የሚጠግነው በዋናነት የመካኒክ የእጅ ዋጋ ስለሚወደድበት ነው። በነገሌ ቦረና፣ በወደራና በያቤሎ ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። የእጅ ዋጋ በብር ተነጋግረው የሚጨርሱት ነገር ሲሆን፣ ኩሽኔታው፣ የፍሪሲዮን ሸራውና የናፍጣ ፖምፓው ግን በዶላር ተገዝተው በጅቡቲ በኩል ገብተው፣ እስከ ነገሌ ደግሞ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዙ ናቸው። እንዲህም ሆኖ በእነዚህ ከተሞች ከወንበሩ ሥር ቁልፍና ካቻቢቴ የሌለው ሾፌር አይገኝም ማለት ይቻላል። የሚቆጥበውም ከመካኒኩ ክፍያ ይልቅ ቀኑን ነው።

ባጃጅ ጥሩ ማሳያ ነው። ብዙው ባጃጅ የሚሠራው በ«ገቢ» ነው፤ ሾፌሩ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ለባለንብረቱ ያስገባል፣ ከዚያና ከነዳጅ የተረፈው የራሱ ነው። ባጃጁ ጠዋት አልነሳ ሲለው ጋራዥ ደጃፍ ወረፋ ከሚጠብቅ ካንዴላውን ፈትቶ ጥላሸቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ካርቡራተሩን ከፍቶ ቀጭኗን የቤንዚን ቀዳዳ በአፉ ይነፋል። ማደያ ሲደርቅ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከጀሪካን ጀሪካን ሲገለበጥ አቧራና ውኃ ይቀላቀልበታል፤ ያቺን ቀዳዳ የሚደፍናትም እሱ ነው። ሥራው ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ቢበላሽም ኪሳራው ካንዴላ ነው። እስከዚህ ድረስ የቤት ጥገና ያተርፋል።

ችግሩ የሚመጣው ትርፉና ኪሳራው በሁለት ሰው ኪስ ሲከፈል ነው። ሾፌሩ የዛሬውን ገቢ ያስባል፣ ባለንብረቱ የሞተሩን ዕድሜ። ዘይት የመቀየሪያው ጊዜ ቢያልፍ፣ የላላው በሽቦ ቢታሰር ሾፌሩ ቀኑን አተረፈ፤ ከወራት በኋላ ፒስቶን ሲነክስ ግን ሒሳቡ የሚመጣው ለባለንብረቱ ነው። አንዳንድ ባለንብረቶች የዘይት ቅያሪን ለሾፌሩ የማይተዉትና ራሳቸው ቆመው የሚያስቀይሩት ለዚህ ነው።

የማሽን ብልሽት ትልቁ ዋጋ በሚያስቆመው ነገር እንደሚለካ የሚያሳይ ታሪክም ነገሌ አላት። በጥር 1966 በከተማዋ የሰፈሩ ወታደሮች ያመፁት በምግባቸው መበላሸትና የውኃ ፖምፓቸው ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ስለከለከሏቸው ነበር። ሊያረጋጓቸው የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው አስቀሯቸው። አመፁ በዚያው ዓመት አገሪቱን ላናወጠው አብዮት ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ።

ወደ ዶላሩ እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ130 ብር አልፏል። 40 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ እንውሰድ፤ በቀድሞው ምንዛሪ 2,280 ብር፣ በ130 ሲሰላ 5,200 ብር ይመጣል። ብዙ አስመጪዎች ቀድሞም ዋጋ የሚተምኑት በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ስለነበር ጭማሪው ሁሉ አዲስ አልነበረም። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ ከጥገናው ወጪ ውስጥ የዕቃው ድርሻ ሲያድግ፣ በማያውቅ እጅ ዕቃ የመስበር ዋጋም አብሮ ያድጋል።

በቆላ ይህ ጎልቶ የሚታየው ራዲያተር ላይ ነው። 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ነገሌ ውኃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል፤ ያረጀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚለቅ ዳገት ላይ ሞተሩ ቶሎ ይግላል። ሾፌሩ እንፋሎቱ ሳይበርድ ክዳኑን ከከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋ ደግሞ ቴስታታው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። በርካሽ ክዳን ይፈታ የነበረ ችግር ሞተር ወደ ማስወረድ ይደርሳል።

ታዲያ ሁሉን ለመካኒክ መተው ነው? የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የሥራ ክፍፍልን የሚወስነው የገበያው ስፋት ነው ብሎ ነበር። አዲስ አበባ የናፍጣ ፖምፓ ብቻ እያስተካከለ የሚኖር ባለሙያ አለ፤ በትንሽ ከተማ ያው አንድ መካኒክ ሞተርም ኤሌክትሪክም ብየዳም ይሠራል። ስለዚህ በቀላሉ ሥራ ነቃ ያለ ባለመኪና ከመካኒኩ ብዙም አይርቅም፤ በከባዱ ደግሞ ሁለቱም የመሞከሪያ መሣሪያ ስለሌላቸው መኪናው ወይም ፖምፓው ሐዋሳ፣ አለዚያ አዲስ አበባ ይሄዳል።

መካኒኩ በትክክል የሚበልጠው ዕቃ በመለየት ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ገዢ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው መጥፎው ገበያውን ይሞላል። «ኦሪጅናል» የሚል ካርቶን ለሁሉም ይታተማል። ፎቶ በስልክ ልኮ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ዕቃው በአውቶቡስ ከደረሰ በኋላ ነው። ዕቃውን ከኬንያ እንዳያመጣ፣ የድንበር ከተማዋ ሞያሌ ቅርብ ብትሆንም ኬንያ መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች አገር ናት፤ ለተመሳሳይ ሞዴል የሞተር ዕቃው ቢገጥምም የመሪው ክፍል አይገጥምም።

በጥር 2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በመንገድ ላይ ያሉት እያረጁ ይቆያሉ፤ የመለዋወጫ ፍላጎትም ይጨምራል። የሚተኳቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ካንዴላም ካርቡራተርም የላቸውም፤ ብልሽታቸው በኮምፒውተር ይነበባል። በነገሌም ሆነ በያቤሎ የኮምፒውተር መመርመሪያና ከፍተኛ ቮልቴጅ መንካት የሚችል ሰው ያለው ጋራዥ ቀድሞ የከፈተ ነጋዴ፣ እስከ ሐዋሳ ለሚደረገው ጉዞ የሚወጣውን ገንዘብ እዚያው ከተማ ያስቀረዋል።