በአማርኛ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው የሚገጥሙት ጥያቄዎች

መግቢያ

ባለፈው ዓመት ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአንድ አነስተኛ የንባብ ክፍል የመጻሕፍቱ መዝገብ የሚታይበት ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። ገጹ ለአንባቢዎች በተከፈተ በሁለተኛው ቀን አንድ ተማሪ መጥቶ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ ቢፈልግ፥ «አልተገኘም» የሚል መልስ አገኘ። የሚፈልገው መጽሐፍ ግን ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩን ብንመረምረው መዝገቡን የጻፈው ጓደኛችን «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ጽፎት ኖሯል። ጻፊውም ፈላጊውም አማርኛ ያውቃሉ፤ ኮምፒዩተሩም የሠራው እንደ ታዘዘው ነው። ጥፋቱ የእኛ የገጽ ሠሪዎቹ ነበር።

የአንድ መጽሐፍ መጥፋት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ዛሬ በዚሁ ዐይነት መዝገብ የሚያዘው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የበሽተኛ ካርድ፥ የፈተና ውጤት፥ የመሬት ይዞታ ሰነድ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። «አልተገኘም» የሚለው ቃል በሐኪም ቤት መስኮት ላይ ሲነገር የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው፥ በአማርኛ ገጽ የሚሠራ ሰው ዘወትር የሚገጥሙትን ጥያቄዎችና እኔ እስከ ገባኝ ድረስ የሚሰጣቸውን መልስ ነው።

1ኛ፤ ፊደሉ በኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ሊኖረው ግድ ነው። ቀድሞ ለግዕዝ ፊደል ሁሉም የተስማማበት ቍጥር ስላልነበረ፥ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚያዘጋጁት ሰዎች በየፊናቸው ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቍጥር ላይ የእኛን ቅርጾች ይተኩ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው በ1999 ዓ.ም. ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፥ ለብሊንና ለሚኤን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በዚህ መዝገብ የሀ ቍጥር 4608፥ የለ 4616፥ የሐ 4624 ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ መመደቡን አንባቢው ከቍጥሮቹ ያስተውላል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፥ ስምንተኛው ብዙውን ጊዜ እንደ ሏ ላሉት ዲቃሎች ነው።

እነዚህን ቍጥሮች በገጽ ላይ ለማስተላለፍ የሚያገለግለው ዘዴ ዩቲኤፍ-8 ይባላል፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ዓ.ም. ያወጡት ነው። በዚህ ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ገጹ በዚህ ዘዴ መጻፉ ካልተነገረው ግን ብራውዘሩ ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ቈጥሮ ሊያነባቸው ይችላል። አማርኛው ጠፍቶ፥ በራሱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ የሚታይበት ገጽ ያጋጠመው ሰው ምክንያቱ ይኸው መሆኑን ይወቅ። የፊደላችን የመጀመሪያ ባይት ከሀ እስከ መጨረሻው ቍጥር ድረስ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ጉዳት መለየት ያሻል። ከላይ እንደ ተገለጸው ፊደሉ ተዘበራርቆ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ባይቶቹ አልጠፉምና፥ አነባበቡን በማስተካከል ጽሑፉ ይመለሳል። በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከተገኘና በመዝገቡም ውስጥ እንዲሁ ከተቀመጠ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ከሌላ ቅጂ ካልሆነ በቀር አይመለስም። ይህ የሚሆነው የግዕዝ ፊደል እንዲቀበል ባልተሰናዳ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ገጽ ሠሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ቦታ መመርመር አለበት፤ ይኸውም ገጹ ራሱ፥ ገጹን ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘው መስመርና መዝገቡ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሳሳት የሁለቱ መስተካከል ዋጋ የለውም።

2ኛ፤ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ሲጻፍ ምን ይደረጋል?

በመግቢያው የተነገረው የእኛ ስሕተት ከዚህ የመጣ ነው። ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ሆነዋል። በሀና በአ ቤቶች ደግሞ ግዕዙና ራብዑ አይለዩም። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ብንወስድ ሥ በሁለት፥ ጽ በሁለት፥ ሑ በሦስት ዐይነት ይጻፋልና 12 አጻጻፍ ይወጣዋል። ሁለቱን ቃላት አጣብቆ የሚጽፍ ሰው ስላለ ቍጥሩ 24 ይደርሳል። ለሰው ዐይን 24ቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን 24 የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዩኒኮድ ያወጣቸው የማስተካከያ ሕጎችም በዚህ አይረዱም፤ በእነርሱ ዘንድ ሀና ሐ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና።

በፊደል ተራ መደርደርም በዚሁ ይበላሻል። «ሀይሉ»፥ «ሐይሉ»ና «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈ ስም በቍጥሩ ብቻ ቢደረደር በሦስት ቦታ ይበታተናል፤ የመጀመሪያው በዝርዝሩ ራስ፥ ሁለተኛው ከለ በኋላ፥ ሦስተኛው ከተ ቤት ስሞች ሁሉ በኋላ ይገኛል። ስሙን በዝርዝሩ መጀመሪያ ፈልጎ ያጣ ተማሪ «አልተመዘገብሁም» ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ ሲቀርብ እሰማለሁ። አንደኛው፥ ወደ መዝገቡ የሚገባውን ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ፊደል እየለወጡ ማስቀመጥ ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ትክክል አይመስለኝም። በግዕዝ ሰአለ ማለት ለመነ ሲሆን፥ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ሲሆን ሰረቀ ሌብነት ነው። ሁሉን ወደ አንድ የሚለውጥ መዝገብ ለማኙንና ሠዓሊውን፥ የፀሐይን መውጣትና ሌባውን ይቀላቅላል። ከዚህም ሌላ ሰው ስሙን አባቱ እንደ ጻፈለት የመጻፍ መብት አለው። ፊደላችን ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው ክርክር ቈይቷል፤ ይሁን እንጂ ፍርዱን የሚሰጡት የቋንቋው ባለቤቶች እንጂ አንድ ገጽ ሠሪ በኮምፒዩተሩ ተሰውሮ መሆን የለበትም።

ሁለተኛውና የምስማማበት ዘዴ ሁለት ቅጂ መያዝ ነው። አንደኛው ቅጂ ሰውየው እንደ ጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ለአንባቢም የሚታየው እርሱ ነው። ሁለተኛው ከዐይን ተሰውሮ ለፍለጋና ለመደርደር ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፥ ተመሳሳይ ድምፆች ወደ አንድ የተመለሱበት ነው። ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚያው ሕግ ይለወጣል። ሥራው የመደመርና የመቀነስ ነው። ለሰባቱ ድምፆች፥ ከሐ ቤት ቍጥር 16፥ ከኀ ቤት 128 ሲቀነስ የሀ ቤት ይገኛል፤ በሠ ቤት ላይ 16 ሲደመር ሰ፥ ከዐ ቤት 48 ሲቀነስ አ፥ ከፀ ቤት 8 ሲቀነስ ጸ ይሆናል። በዚህ ላይ ሃን ወደ ሀ፥ ኣን ወደ አ መመለስ ይጨመራል። ጐንደርና ጎንደር፥ ጓደኛና ጉዋደኛም እንዲሁ ይታረቃሉ። እንደ ገ/ሥላሴ ያለው አሕጽሮትና «ገብረ» ከ«ሥላሴ» ጋር መጣበቁ ወይም መለያየቱ አብሮ መታሰብ ይገባዋል። እኛም መዝገባችንን ያረምነው በዚህ ዘዴ ነው።

3ኛ፤ ቃሉ ሲረባስ?

በላቲን ፊደል የሚጻፉ ብዙ ቋንቋዎች ቃል ሲያረቡ መጨረሻው ላይ ስለሚጨምሩ፥ የቃሉን መጀመሪያ የፈለገ ሰው ርቢውንም ያገኛል። በእኛ ዘንድ ግን ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። «ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ቤቶች»፥ «ቤቱ»፥ «ቤቴ» የሚሉትን አያገኝም፤ ት ወደ ቶ፥ ወደ ቱ፥ ወደ ቴ ተለውጣለችና። ከፊት ደግሞ በ፥ ለ፥ ከ፥ የ ይለጠፋሉ። ሙሉ መፍትሔው የአማርኛን ሰዋስው ለኮምፒዩተር ማስተማር ስለ ሆነ ብዙ ምርምር ይጠይቃል። ለአነስተኛ ገጽ የሚበቃው ግን፥ በተሰወረው ቅጂ ውስጥ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ሳድሱ መልሶ በተነባቢዎቹ ብቻ መፈለግ ነው። ይህ ዘዴ አንዳንድ ያልተፈለገ ቃል ያመጣል። ነገር ግን ያለውን የለም ከማለት ጥቂት ትርፍ ማምጣት ይሻላል።

4ኛ፤ ስምን እንዴት እንመዝግብ?

ከውጭ የተወሰደ ፎርም አብዛኛውን ጊዜ የሰውየውን ስምና «የቤተ ሰብ ስም» ይጠይቃል። በአገራችን ልማድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። አበበ ከበደ የተባለ ሰው ሲጠራ «አቶ አበበ» ነው፤ ፎርሙ እንደ ውጭው ሥርዓት ሲሠራ ግን «አቶ ከበደ» እያለ ልጁን በአባቱ ስም ይጽፍለታል። ዝርዝሩንም በአባት ስም ይደረድረዋል። ሚስትም የባሏን ስም ስለማትይዝ፥ ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ በመዝገብ ላይ ባዕዳን ይመስላሉ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ሲያስረዱ ይውላሉ። ገጹ ለእኛ ሰዎች ከሆነ ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም ብሎ መጠየቅና በራስ ስም መደርደር በቂ ነው።

5ኛ፤ ቀንና ሰዓት

የዘመን አቈጣጠራችን 13 ወር አለው። መስከረም 1 ቀን በአሁኑ ዘመን ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፤ የሚከተለው የአውሮፓ ዓመት ባለ 366 ቀን ከሆነ ደግሞ 12 ቀን ይውላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፥ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ላይ 8 እየቀነሱ መጻፍ ስሕተት ነው። 12 ወር ብቻ ያለው ፎርምም በጳጉሜን የተወለደውን ሰው ልደቱን ይነሣዋል።

ትክክለኛው መንገድ ቀኑን በመዝገቡ ውስጥ በአንድ ዐይነት አቈጣጠር ማስቀመጥና ለአንባቢ ሲታይ መለወጥ ነው። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች በጃቫስክሪፕት በኩል ቀንን በኢትዮጵያ አቈጣጠር የማሳየት ችሎታ ስላላቸው፥ ለዚህ አዲስ ስሌት መጻፍ አያስፈልግም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የጧቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ 8 ሰዓት ይባላልና የትኛው እንደ ሆነ በገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚይዙት ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የልደት ቀን ከእኩለ ሌሊት ጋር ተያይዞ ከተመዘገበ ሦስቱ ሰዓት ሲቀነስ ወደ ትናንት ይሸሻል፤ የሕፃኑም ልደት በአንድ ቀን ይቀድማል። ልደት ያለ ሰዓት በቀንነቱ ብቻ ይመዝገብ።

6ኛ፤ ጽሑፍን በፎቶግራፍ ማውጣት

ፊደሉ እንዳይበላሽ በመፍራት ማስታወቂያን በወረቀት አትመው ፎቶግራፉን በገጽ ላይ የሚያወጡ አሉ። ይህ ለዐይን ያምራል፤ ግን ጽሑፉን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፥ በእጅ ስልክ ላይ አይሰፋም፥ ለዐይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብላቸው መሣሪያም ዝም ይላል። ክብደቱም ቢሆን ኢንተርኔቱን በብር ለሚገዛ ተማሪ ቀላል አይደለም። 1000 ፊደል በጽሑፍ 3000 ባይት ያህል ሲሆን፥ ፎቶግራፉ ግን ብዙ መቶ ሺህ ባይት ሊደርስ ይችላል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክና እንደ አቢሲኒካ ያሉ በነጻ የሚገኙ የፊደል ቅርጾች እያሉ የመጀመሪያው ፍርሃት ዛሬ ምክንያት ሊሆን አይገባውም።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘሩት ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። በሁሉም ዘንድ የሚጣላው ሰው የሚጽፍበት ልማድና ኮምፒዩተሩ የታዘዘበት ሕግ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ሰውየውን ለማረም እንቸኵላለን፤ «በዚህ ፊደል ጻፍ፥ ስምህን እንዲህ ክፈል፥ ልደትህን በፈረንጅ ቍጠር» እንላለን። ነገር ግን ሳይደክመው ሺህ ጊዜ መደመርና መቀነስ የሚችለው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ የጻፍነውን ሳይለውጥ እንዲጠብቅ፥ የማመሳሰሉንም ድካም እርሱ እንዲሸከም ማድረግ የገጽ ሠሪው ግዴታ ይመስለኛል።

የቋንቋ ክፍል ተማሪዎችና የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች በአንድ ግቢ እየኖርን የምንገናኘው በምግብ አዳራሽ ብቻ ነው። የቃላትን ርቢ ጠንቅቀው የሚያውቁት እነርሱ፥ ትእዛዙን የምንጽፈው እኛ ነን። መጽሐፉን ፈልጎ ያጣው ተማሪ የቋንቋ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ስሕተታችንን ያሳየንም እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን የምናርመው አራት ሆነን ነው።