«ተሸካሚ»፣ «አስተላላፊ»፣ «አስጠጊ»፦ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት ስያሜዎች

በሰውና በእንስሳት ላይ የሚደርሱ የጥገኛ ተሕዋስያን በሽታዎችን የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ አንድ ቃል የሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን ሸክም ተጭኖበት ይገኛል፤ ቃሉም ራሱ «ተሸካሚ» ነው። የወባ ትንኝ ተሸካሚ ትባላለች። ሕመም ሳይሰማው የወባ ጥገኛ በደሙ ውስጥ የሚገኝበት ሰው ተሸካሚ ይባላል። የቁንጭር ጥገኛ በተፈጥሮ የሚኖርበት ሽኮኮም እንዲሁ። አንድ ተርጓሚ በዚህ አኳኋን «ተሸካሚዎችን ማጥፋት» የሚል መመሪያ ቢጽፍ፣ ትንኟን ማለቱ እንደ ሆነ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ አንባቢው ጎረቤቱንም ሊያስብ ይችላል። ጉዳዩን የምናነሣው ስለዚህ ነው እንጂ ቃል ለማብዛት አይደለም።

«ጥገኛ» የሚለው ስያሜ «ተጠጋ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በማኅበራዊ ኑሮ የነበረውን ትርጉም ሳይለቅ ወደ ሥነ ሕይወት ገብቷል። ጥገኛው የሚኖርበትን ሕያው አካል ግን «አስተናጋጅ» ማለት ተለምዷል። አስተናጋጅ እንግዳን በፈቃዱ የሚቀበል ነው፤ ኮሶ የያዘው ሰው እንዲህ ያለ መስተንግዶ አላሰበም። (ኮሶ የትሉም የመድኃኒቱም ስም መሆኑ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሌላ ራስ ምታት ነው።) በእኛ አስተያየት «አስጠጊ» የተሻለ ነው። ማስጠጋትም ፈቃድን ያመለክታል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃሉ ከ«ጥገኛ» ጋር አንድ ሥር ስላለው ዝምድናቸውን ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። ጥገኛው ዘሩን ሳያቋርጥ የሚቆይበትን እንስሳ ደግሞ «ማቆያ አስጠጊ» ብንለው፣ የውኃ ጋን ከሚያስታውሰው «ማጠራቀሚያ» እንድናለን።

ትንኟን በተመለከተ «አስተላላፊ» ማለቱ ይበቃል። ይሁን እንጂ ሁሉም አስተላላፊ በአንድ መንገድ አያስተላልፍም። የወባ ጥገኛ በአኖፌለስ ትንኝ ሰውነት ውስጥ ይራባል፣ ይለወጣልም፤ ያለ እርሷ ዑደቱ አይሞላም። በከብት ገንዲ ግን ሁለቱም መንገድ ይታያል። ትሪፓኖሶማ በፄፄ ዝንብ ውስጥ ያድጋል፤ ከዝርያዎቹ ቪቫክስ የተባለው ደግሞ በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች አፍ ላይ በቀረ ደም ሳያድግ ከከብት ወደ ከብት ሊሸጋገር ይችላል። ፄፄ በሌለባቸው የአገራችን አካባቢዎችም ይህ በሽታ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያውን «አሳዳጊ አስተላላፊ»፣ ሁለተኛውን «አጓጓዥ አስተላላፊ» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል፤ «ተሸካሚ» ጥገኛው እያለበት ለማይታመም ሰው ወይም እንስሳ ብቻ ይቀራል።

የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ በጥብቅ አነጋገር ከአስተላላፊም አይቈጠርም። ማንንም አይነክስም፤ እጮቹ ከእርሱ ወጥተው በውኃ ውስጥ የሰውን ቆዳ ራሳቸው ይበሳሉ። ስለዚህ «መካከለኛ አስጠጊ» ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ሞተው ያገኟቸው እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ነበር። «እንዶድ» የሚለው ስም በዚሁ ምክንያት ወደ ውጭ አገር የሳይንስ ጽሑፎች ገብቷል፤ እንደ ተዋሰን ሁሉ አውሰናልም።

ከሁሉ የሚያሳስበን «የአሸዋ ዝንብ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ነው። በዚህ ስም የተጠራችው ፍሌቦቶመስ ቁመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በረራዋም ድምፅ የለሽ ነው፤ «ዝንብ» ሲባል በማዕድ ላይ የምታርፈውን የሚያስብ አንባቢ አያውቃትም። «አሸዋ»ውማ ጨርሶ ያሳስታል። በደጋው ቁንጭርን የሚያስተላልፉት ዝርያዎች የሚገኙት ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና የድንጋይ ስንጥቅ ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ ካላ አዛርን የምታስተላልፈው ደግሞ በበጋ ከሚሰነጠቀው የዋልካ አፈርና ከግራር ዛፍ ጋር የተያያዘች ናት። ለወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ ከአሸዋ እንዲርቅ ነግሮ በዋልካው ላይ፣ በግራሩ ጥላ ሥር እንዲያድር መተው ምን ያህል እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። «የቁንጭር ትንኝ» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ቢችልም ካላ አዛርን ያስቀራል። ስለዚህ «ፍሌቦቶመስ» በውሰት እንዲጸና፣ ለሕዝብ በሚጻፍ ጽሑፍ ግን በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ በስንጥቅ ውስጥ የምትውል ደም መጣጭ» የሚል ማብራሪያ እንዲከተለው እንመርጣለን።