በጓሮ የሚበቅል ካናቢስ፦ የጤና ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

መግቢያ

በተለምዶ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ እየተባለ የሚጠራውን ካናቢስ ማብቀልም ሆነ መጠቀም በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የተከለከለ ነው። በአንጻሩ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው አገሮች መካከል ካናዳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኞቹ ግዛቶች በአንድ ቤት እስከ 4 ተክል፣ ጀርመን ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዐዋቂ እስከ 3 ተክል በግል ማብቀልን ፈቅደዋል። በዚህም ምክንያት ተክሉን ከዚህ በፊት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች በጓሯቸው መትከል ጀምረዋል። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም ተክሉ በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ራሴ ያበቀልሁት ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነት ለምን እንደሚያሳስትና ባለሙያው ምን ማድረግ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

የተክሉ ጠባይ

ካናቢስ በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ የሚገኝ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አብቦና አፍርቶ የሚደርቅ ተክል ነው። አእምሮን የሚለውጠው ቴትራሃይድሮካናቢኖል (ቲ.ኤች.ሲ.) በብዛት የሚገኘው በሴቴው አበባ ላይ ባሉ ሙጫ አመንጪ ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ ነው። በእርጥቡ ተክል ላይ ይህ ንጥረ ነገር በአብዛኛው የማያሰክር አሲድ ሆኖ ይቆያል፤ ወደሚያሰክረው ዓይነት የሚለወጠው በተለይ በሙቀት፣ ማለትም ሲጨስ ወይም ሲበስል ነው። ስለዚህ ጥሬ ቅጠል ያኘከ ሕፃንና ካናቢስ የተጋገረበት ኬክ የበላ ሕፃን የሚደርስባቸው አደጋ እኩል አይደለም።

ዋና ዋና ጉዳቶች

1. መጠኑ አለመታወቁ፦ የአበባው ጥንካሬ በዓይን አይለይም። ለምሳሌ 1 ግራም ደረቅ አበባ 5 በመቶ ቲ.ኤች.ሲ. ቢኖረው 50 ሚሊግራም፣ 15 በመቶ ቢኖረው ደግሞ 150 ሚሊግራም ይይዛል። ይህ በኬክ ተጋግሮ ለአሥር ቢከፈል አንዱ ቁራሽ በመጀመሪያው እስከ 5፣ በሁለተኛው እስከ 15 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። ላልለመደ ሰው ልዩነቱ ከባድ ነው። የተጨሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰማ፣ የተበላው ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚዘገይ ብዙዎች «አልሠራም» ብለው ይደግሙታል።

2. ሻጋታ፦ ተክሉ አበባ የሚያወጣው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በሰሜናዊ አገሮች ደጅ የተተከለው የሚሰበሰበው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ስለሆነ፣ ወቅቱ ከቅዝቃዜና ከእርጥበት ጋር ይገጥማል። በደንብ ያልደረቀ አበባ አስፐርጂለስን የመሰሉ ሻጋታዎችን ሊይዝ ይችላል። የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሕሙማን ሲያጨሱት ለከባድ የሳንባ ኢንፌክሽን ይጋለጣሉ።

3. የአፈር ብክለት፦ ካናቢስ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ከአፈር ስቦ የማከማቸት ችሎታ አለው። በመንገድ ዳር ወይም በቆሻሻ መጣያ አጠገብ የበቀለው ይህ ስጋት አለበት።

4. አለርጂ፦ ተክሉን በሚለቅሙና በሚያጸዱ ሰዎች ላይ የቆዳ ሽፍታ፣ የዓይንና የአፍንጫ ማሳከክ፣ እንዲሁም አስም ሊከሰት ይችላል።

ሕፃናት ሲመረዙ

ሕፃናት ላይ የሚታዩት ምልክቶች ከባድ እንቅልፍ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ የጡንቻ መላላት፣ የዓይን መቅላትና የልብ ምት መፍጠን ናቸው። በከፋ ሁኔታ ራስን መሳትና የትንፋሽ መዳከም ይከተላል። ወላጆች ሕግን ወይም ነቀፋን ፈርተው ሲደብቁ ሕፃኑ ለአላስፈላጊ ምርመራ ይዳረጋል፤ ተገቢው ክትትልም ይዘገያል። ይሁን እንጂ ካናቢስ በቤት ውስጥ መገኘቱ ብቻ ምርመራን ሊያስቆም አይገባም። የማጅራት ገትር፣ የወባ፣ የደም ስኳር ማነስና የጭንቅላት ጉዳት እንደ ሁኔታው መጣራት አለባቸው። የሽንት ምርመራ ካናቢስ ወደ ሰውነት መግባቱን ቢያሳይም፣ ከቀናት በፊት የተወሰደውንም ስለሚያሳይ ለወቅቱ ሕመም ብቸኛ ማስረጃ አይሆንም።

ለዚህ መመረዝ የተለየ ማርከሻ የለም። ሕክምናው የመተንፈሻ አካልን ክፍት ማድረግ፣ ኦክስጅንና ፈሳሽ እንደ አስፈላጊነቱ መስጠት፣ የደም ስኳርን መለካትና ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ በቅርብ መከታተል ነው። ያልነቃን ሕፃን ማስታወክ ወይም በአፉ ምንም ነገር መስጠት አይገባም።

ባለሙያው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ጥያቄው ያለ ወቀሳና ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ይቅረብ። የትኛው የተክሉ ክፍል ተወሰደ? ተጨሰ ወይስ ተበላ? መቼና ምን ያህል? የት በቀለ? ምን ዓይነት ፀረ ተባይ ተረጨበት? በቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ? በተለይ በየቀኑ ጠንካራ ካናቢስ የሚጠቀሙ ወጣቶች ለሳይኮሲስ ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ የቤተሰብ የሕመም ታሪክ መጠየቅ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ተክሉ በገዛ ጓሮ መብቀሉ መጠኑን አያሳውቅም፤ ከሻጋታም ሆነ ከአፈር ብክለት ንጹሕ ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። የጤና ባለሙያው ድርሻ በሕመምተኛው ላይ መፍረድ አይደለም፤ እውነቱ በጊዜ እንዲነገር የሚያስችል መተማመን መፍጠር ነው። አንዲት እናት «ልጄ ከዚያ ኬክ በልቷል» ብላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለመናገር ከደፈረች፣ የልጇን ሕይወት ለማትረፍ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ማለት ይቻላል።