የመጀመሪያው የታይላንድ ጉዞ፦ ከቦሌ ከመነሣት በፊት መታወቅ ያለበት

አዲስ አበባ፦ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ለመድረስ ዘጠኝ ሰዓት ያህል የሚወስድ በረራ ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ከተማዋ ቀጥታ ስለሚበርር፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያን ማየት ለሚሻ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያው ደጃፍ ብዙ ጊዜ ባንኮክ ናት። ሀገሪቱ በጥንታዊ ከተሞቿ፣ በባሕር ዳርቻዎቿና ዋጋቸው መጠነኛ በኾነ ማደሪያዎቿ ትታወቃለች። ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው በትንሽ ወጪ የሚዞሩ የዓለም ወጣቶችም ያዘወትሯታል።

በዚሁ መስመር ግን ሌላ ዓይነት መንገደኛም አልፏል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም በምያንማር ድንበር ካሉ የበይነ መረብ ማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተላለፉት 260 ያህል የውጭ ዜጎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚኾኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ እነዚህ ግቢዎች የሚወሰዱ ሰዎች ከሀገር ሲወጡ ጎብኚም፣ ሠራተኛም መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ጎብኚውን ከተታለለው የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጉዞውን ያቀደውና የከፈለው ማን ነው?

ጉዞውን ራሱ የሚያቅድ ሰው የሚጀምረው ከወቅት ነው። በአብዛኛው የታይላንድ ክፍል ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ በመኾኑ ለመንገደኛ ይመቻል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ግን ብርቱ ሙቀት አለባቸው። ኑሮው ከእርሻ ጋር የተያያዘ ሰው አዝመራው ተሰብስቦና ተወቅቶ ካለቀ በኋላ የጥርን መጨረሻና የካቲትን ቢመርጥ ሁለቱም ወቅቶች ይገጥሙለታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰነድ ጉዳይ ነው። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ሊኾን ይገባል። ከኢትዮጵያ ወደ ታይላንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀናት በኋላ ስለኾነ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ጉዳይ አይደለም። አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የቪዛ ደንብ ይለዋወጣል። ታይላንድ ባንኮክ ሲደርሱ ቪዛ ከምትሰጣቸው ሀገራት መካከል ኢትዮጵያን አካትታ ቆይታለች። ይህ አሠራር ለ15 ቀናት ቆይታ የሚፈቅድ ሲኾን፣ የመመለሻ ትኬት፣ የማደሪያ ማረጋገጫና በቂ ገንዘብ ማሳየትን ይጠይቃል። ትኬት ከመቁረጥ አስቀድሞ ወቅታዊውን ደንብ ከታይላንድ መንግሥት ይፋዊ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ገጽ ወይም ከአየር መንገዱ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በበይነ መረብ መሙላት ይኖርበታል። ቅጹ በነጻ የሚሞላ ነው፤ ለእርሱ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ወይም ገጽ ሲያጋጥም መጠርጠር ይገባል።

ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። ቅጾች ሁሉ የሚሞሉት በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ነው። በፓስፖርቱ ላይ ያለው የልደት ቀን በቅጹ ላይ ከተሞላው ጋር ካልተመሳሰለ ድንበር ላይ ጥያቄ ያስነሣል። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓትም ዓለም አቀፉ ነው። ትኬቱ 00:30 የሚል ከኾነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ዕለቱ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለኾነ፣ ትኬቱ ላይ ማክሰኞ የተባለው እንዲህ ያለ በረራ የሚያዘው ሰኞ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ በመገኘት ነው። ባንኮክ ሲደረስ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ይቀድማል።

ከክልል ከተሞችና ከገጠር የሚመጣ መንገደኛ በረራው ባለበት ዕለት ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ ቦሌ መሄዱ አይመከርም። የመንገድ መዘግየት በረራ ሊያሳጣ ስለሚችል አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ ማደሩ ይበጃል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያውም ከበረራው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ከማያውቁት ሰው ዕቃ ተቀብሎ በሻንጣ መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ በታይላንድ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል።

በገንዘብ ረገድ ብር በባንኮክ እንደ ዶላር በቀላሉ አይመነዘርም። ከሀገር ውስጥ ባንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አቅርቦ የውጭ ምንዛሬ መግዛት፣ እዚያ ሲደርሱም ወደ ባት መለወጥ ሕጋዊው መንገድ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ የምንዛሬ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ወጪውን በዶላር አስልቶ መጠባበቂያ መጨመር ያሻል። አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ለዚህም ይሠራል፤ በብድር ወይም ጥሪት ተሸጦ የሚደረግ ጉብኝት ከመነሻው ያልተመጠነ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አጭርና ግልጽ መስመር ይበቃዋል። ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዩታያ እ.አ.አ ከ1350 እስከ 1767 የቀድሞው መንግሥት መዲና ነበረች፤ ፍርስራሾቿ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከባንኮክ ተነሥቶ ሌሊቱን የሚጓዘው ባቡር ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ቺያንግ ማይ ያደርሳል። በዚያ በተራራማው ሰሜን እ.አ.አ በ1969 የተጀመረው የንጉሣዊ ፕሮጀክት አርሶ አደሮች ኦፒየም ማምረትን ትተው ወደ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቡና እንዲሸጋገሩ አድርጓል። መነሻው ኢትዮጵያ የኾነችው ዐረቢካ ቡና በዚያ ኮረብታ ላይ ስትለማ ማየት ለግብርና ሰው ልዩ ትርጉም አለው። በቤተ መቅደሶች ጫማ ማውለቅና ሰውነትን መሸፈን ግዴታ ነው፤ ይህ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሥርዓት አይኾንም።

የሚያሠጋው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ከባንኮክ በስተሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሜ ሶት የድንበር ከተማ ናት፤ የሞይን ወንዝ ሲሻገሩ የምያንማሯ ምያዋዲ ትገኛለች። በማኅበራዊ ሚዲያ በተለቀቀ ማስታወቂያ እንግሊዝኛ ለሚችልና ኮምፒውተር ለሚያውቅ ወጣት ከፍተኛ ደመወዝ ቃል ይገባል፤ ትኬቱን ሌላ ሰው ይቆርጣል፤ ባንኮክ ላይ መኪና ይጠብቃል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ፓስፖርት ይቀማል፤ ሰዎችን በበይነ መረብ እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ፤ እምቢ ያለ ይደበደባል፤ ለመለቀቅ ገንዘብ ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ቢያንስ 120 ሺህ ሰዎች በዚህ ኹኔታ ተይዘው ሊኾን እንደሚችል ገምቷል።

የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። በኢትዮጵያ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መኾኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም በአቅራቢያ ካለ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ መልማዩን በወንጀል ይጠይቃል።

ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የፓስፖርቱን፣ የትኬቱንና የማደሪያውን ቅጂ ለቤተሰቡ ይተው፤ በየትኛው ቀን የት እንደሚያድርም ይጻፍ። በታይላንድ ችግር ከገጠመው የቱሪስት ፖሊስ ስልክ ቁጥር 1155 ነው። ወላጅም ልጁን ከመሸኘቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ትኬቱን ማን ገዛ? የመጀመሪያው ሌሊት የት ነው? የመመለሻው ቀን መቼ ነው? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ግልጽ መልስ ካጣ፣ መልሱ እስኪገኝ ድረስ ጉዞው ቢቆይ ይሻላል።