ባሩድ የሚመዘንበት ሚዛን፦ አመራረጡና አያያዙ

በአሜሪካ በርካታ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች የተተኮሰ የናስ ቀለህ ሰብስበው፣ ከሥሩ እሳት የሚያስነሳውን ካፕሱል ቀይረው፣ ባሩድ ሞልተውና አዲስ አረር ገጥመው ጥይቱን ለዳግም አገልግሎት ያዘጋጃሉ። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁሉ ለተኳሹ ደኅንነት የቅርብ ዋስትና የሚሆነው ሚዛኑ ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመን በስፍር መለካት ይበቃ ነበር፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ ወዲህ ግን ትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ስለሚሰጥና የባሩዱ መጠን ሲጨምር በጠመንጃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ስለሚያድግ፣ ዛሬ በስፍር የሚሠሩትም እንኳ በየመካከሉ በሚዛን ያረጋግጣሉ።

የዚህ ሥራ መለኪያ ግሬን ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ሲሆን አንዱ ግሬን 64.79891 ሚሊግራም ይመዝናል፤ ለሥራው የሚሸጡት ሚዛኖች በአብዛኛው እስከ 0.1 ግሬን፣ ማለትም እስከ 6.5 ሚሊግራም ገደማ ያሳያሉ። ዲጂታል ሚዛን በአንድ ቁልፍ ከግሬን ወደ ግራም ስለሚዞርና አንድ ግራም 15.4 ግሬን ያህል ስለሆነ፣ የመለኪያውን ምልክት ሳያነቡ ሥራ መጀመር ከማንኛውም የሚዛን ጉድለት የከፋ አደጋ ያስከትላል።

ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳቡት ከነጥብ በኋላ በሚታዩት አኃዞች ብዛት ነው፤ ይህ ግን ሚዛኑ ምን ያህል ከፋፍሎ እንደሚያሳይ እንጂ ምን ያህል እውነት እንደሚናገር አይገልጽም። ከዚያ የሚበልጠው ጠባይ ያንኑ ዕቃ ደጋግመው ቢመዝኑበት ያንኑ ውጤት መስጠቱ ነው። 0.02 ግሬን እያሳየ በየጊዜው ከሚዋዥቅ ሚዛን ይልቅ 0.1 ግሬን ብቻ አሳይቶ የሚጸና ሚዛን ይመረጣል፤ ስለሆነም ሲገዛ አንድ ዕቃ አሥር ጊዜ አንስቶና መልሶ በማስቀመጥ መሞከር ተገቢ ነው።

በክንድ የሚሠራው ሚዛን፣ ሞተርም ባትሪም የሌለው ቢሆንም፣ ዛሬም የሚከበርበት ምክንያት አለው። ክንዱ በስለት ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የባሩዱን ክብደት በክንዱ ላይ ከሚንሸራተቱት የሚዛን ድንጋዮች ጋር ስለሚያመዛዝን የቦታ ከፍታም ሆነ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ አያዛባውም። ከክንዱ ጫፍ ያለው የብረት ምላስ በማግኔቶች መካከል ሲያልፍ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ውዝዋዜውን ቶሎ ያረጋጋዋል። ጠላቱ አቧራ ነው፤ በስለቱና ስለቱ በሚያርፍበት ድንጋይ መካከል የገባች ብናኝ ሚዛኑን ታሳስታለች፣ ዘይት መቀባት ደግሞ አቧራ ስለሚሰበስብ ፈጽሞ አይገባም። ጠቋሚውም ዓይንን ከእርሱ ትይዩ በማድረግ መነበብ አለበት፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ሌላ ቁጥር ያነባል።

ዲጂታሉ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚለካው ክብደቱ በውስጡ ያለውን ብረት ሲያጎብጥ የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ በመሆኑ ሙቀት፣ የነፋስ ሽውታ፣ በአቅራቢያው ያለ የእጅ ስልክና እየደከመ ያለ ባትሪ ሁሉ ንባቡን ሊያዛቡት ይችላሉ። መመሪያው እስከሚያዝዘው ጊዜ ድረስ አስቀድሞ ተከፍቶ መሞቅ ይኖርበታል፣ ወደ ሌላ ቦታ በተወሰደ ቁጥርም እንደገና መስተካከል አለበት። ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ጠባይም አለው፦ በርካታ ዲጂታል ሚዛኖች ዜሮአቸውን እየጠበቁ ዝግ ያለ ለውጥን እንደ መዋዠቅ ስለሚቆጥሩ፣ ባሩድ በፍሬ በፍሬ ሲንጠባጠብባቸው ጭማሪውን ሳያሳዩ ሊቀሩ ይችላሉ። መፍትሔው ሳህኑን አንስቶ እንደገና በማስቀመጥ ንባቡን ማረጋገጥ ነው።

የሁለቱም ዳኛ መፈተሻ ድንጋይ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ኤም 1 የተባለው የ20 ግራም ድንጋይ የሚፈቀድለት ስሕተት 2.5 ሚሊግራም ብቻ፣ ከ0.04 ግሬን የማይበልጥ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ከዚህ ጋር ግን ከሚመዘነው ባሩድ ጋር የሚቀራረብ አነስተኛ ድንጋይም መኖር አለበት፣ ከፍ ባለ ክብደት ልክ የሆነ ሚዛን በትንሹ ሊሳሳት ይችላልና። የጣት ላብና ቅባት ስለሚያከብዳቸው ድንጋዮቹ በወረንጦ ይያዛሉ። ሚዛኑ በውሃ ልክ በተፈተሸ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሳህኑም ዜሮው የተስተካከለው ከእርሱ ጋር ስለሆነ በሌላ አይለወጥም።

ፍተሻው ሥራ ሲጀመር፣ በመካከልና ሲያልቅ ይደረጋል። ውጤቱ ከተዛባ ሥራው ወዲያው ይቆማል፤ ከመጨረሻው ትክክለኛ ፍተሻ በኋላ የተሞሉት ጥይቶች በሙሉ ለብቻ ተለይተው ይቀመጣሉ፣ ተፈትተው ባሩዳቸው እንደገና ሳይመዘንም አንዱም አይተኮስም።