ስልክ ለማውጣት ጊዜ ካገኛችሁ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ አይወራም። «ማታ ሰማይ ላይ እሳት አየን» የሚል ሰው ሲደውል፣ በሥነ ፈለክ ሙያ ያለን ሰዎች ቀድመን የምንጠይቀው ስለ ድምቀቱ አይደለም። «ስልክ አውጥታችሁ ለመቅረጽ ደረሳችሁ?» ነው። ከደረሱ ጥርጣሬያችን ወደ ሰው ሥራ ያዘነብላል። ከጠፈር የሚመጣ አለት በሰከንድ ቢያንስ 11 ኪሎ ሜትር ስለሚምዘገዘግ ቦግ ብሎ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። የሳተላይትና የሮኬት ስባሪ ግን 8 እንኳ አይሞላም፤ አግድም እየሄደ፣ እየተቆራረጠ፣ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል።

በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የታየውን እሳት አስታውሱ። አዋሽ ፈንታሌ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ስንቱ ሁለቱን አገናኘ! የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ «ወይ የጠፈር ፍርስራሽ ወይ አለት» በሚል ጥንቃቄ ተናገረ። የምሕዋር ነገሮችን የሚከታተለው ጆናታን ማክዳውል ግን የቻይናን የሸንዡ 17 መንኮራኩር ክፋይ ጠቆመ። አካሄዱ ዝግ ያለ ስለነበር እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

ሌላም ልንገራችሁ። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ አይረዱም፤ ሰርግን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው።

የሚረዳው ጎጃም ውስጥ ሞጣ ደጅ ላይ የቆመው ሰው ነው። እርግጥ «ከጮቄ ተራራ ኋላ ወደቀ» ማለቱ አይቀርም፤ ለሁሉም ሰው የሚወድቀው ከቅርቡ ጋራ ጀርባ ነው። ብርሃኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምድር 20 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ ይጠፋል፤ ጋራውን ምናልባት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎት ይሆናል። ስለዚህ የወደቀበትን አንጠይቅም። በማግስቱ እዚያው ቦታ ቆሞ፣ ብርሃኑ የጠፋው ከጊዮርጊስ ጣሪያ በየት በኩል፣ ስንት ቡጢ ከፍ ብሎ እንደሆነ ያሳየን፤ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ ወደ 10 ዲግሪ ነው። ቢቸና ያለ ሌላ ሰውም እንዲሁ ካደረገ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው የተነሱት ሁለቱ የእይታ መስመሮች የሚገናኙበትን ካርታ ላይ መፈለግ ይቻላል። ከብርሃኑ በኋላ ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ሰዓቱን ይያዝ፤ የ3 ደቂቃ መዘግየት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው።

ሱዳኖች ይህን አድርገውታል። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ኑቢያ በረሃ ላይ የፈነዳውን አለት የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድ ያዩትን ሰዎች እየጠየቁ ተከታተሉ፤ ከዚያ ተማሪዎቻቸውን በሰልፍ አስኬደው ስብርባሪውን ከአሸዋው ላይ ለቀሙ።

እኛ ጋ አሸዋ የለም፤ የጎጃም መሬት ጥቁር ባዛልት ነው። «የሰማይ ድንጋይ አገኘሁ፣ ስንት ያወጣል?» የምትሉ፣ አስቀድማችሁ ገልብጣችሁ እዩት። እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ የራሳችሁ ማሳ ድንጋይ ነው፤ ደላላ አትጥሩ።