ከዝዋይ ደሴቶች ሽርሽር በኋላ የመጣው ትኩሳት

 

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ስለ አንድ ቀን የጀልባ ሽርሽር ነው፤ ስለ አንድ ስህተቴም ነው። በተለይ "እስቲ አንድ ቀን ወጣ ብለን እንመለስ" እያላችሁ ያላችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቡታጅራ ያደገ ሰው ሐይቅ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሐረ ሸይጣን ነው። ልጆች ሆነን ከገደሉ አፋፍ ቆመን "ውሃው ጋ የሚያደርስ ማነው?" እየተባባልን ድንጋይ እንወረውርበት ነበር። እሱ ግን ከላይ ቆመው የሚያዩት ሐይቅ ነው። ጀልባ ያማረው የቡታጅራ ሰው ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ይገባል።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እኛም እንደዚያው አደረግን። ሰባት ነበርን፤ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁለት የሰፈር ልጆች፣ አብሮ አደጌና እኔ። አንድ ሚኒባስ ተኮናትረን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ቆመን ሻይ እየጠጣን ነበር።

ለቀኑ አንድ የሞተር ጀልባ ተከራየን። ባለጀልባው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ደሴት ላይ ተወልደው ያደጉ ዛይ ናቸው። "ላይፍ ጃኬቱን ልበሱ" ሲሉን ግማሾቻችን "ለፎቶ አያምርም" ብለን አንገራገርን። እሳቸውም ሞተሩን ሳያስነሱ ቁጭ ብለው "ልጆቼ፣ ሐይቁ ፎቶ አያውቅም" አሉን። ሁላችንም ለበስን።

የዝዋይ ሐይቅ (ደንበልም ይባላል) ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቅ ግን አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ከሚገቡለት ወንዞች አንዱ፣ የመቂ ወንዝ፣ የሚነሣው ከእኛው ከጉራጌ ተራሮች ነው። ስለዚህ ዝዋይ ስንሄድ የራሳችንን ውሃ ተከትለን ነው የምንወርደው ማለት ይቻላል።

አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። እዚያ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዶ ያረፈባት እንደሆነች በትውፊት ይነገራል። የዛይ ቋንቋ ደግሞ ከስልጥኛ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከሰፈራችን ልጆች አንዱ ስልጥኛ ይችላል፤ ከባለጀልባው ጋር "ይኼን ምን ትሉታላችሁ?" እየተባባሉ ሲስቁ መንገዱ ሳይታወቀን አለቀ።

ሁላችንም የፈራነው ጉማሬ ነበር። ባለጀልባው ከሩቅ ሁለት ጥቁር ጀርባ አሳይተውን ጀልባውን አራቁልን፤ ልባችን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራ ነገር ያለ አልመሰለንም።

ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ አንድ ደሴት ዳር ስንጠጋ ጀልባው ጭቃ ያዘው። አብሮ አደጌ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ዘሎ ወረደና ይገፋ ጀመር። ቄጠማው መሃል፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ። እኔን ጨምሮ ሦስታችን ተከተልነው። ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ውሃው ደስ ይላል። ጀልባው ከወጣ በኋላም ቶሎ አልወጣንም፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆመን ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ዓሣ ጥብስ በላን፣ ተጫወትን፣ ሳይመሽ ቡታጅራ ገባን።

የዚያን ቀን ትልቁ አደጋ እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ነበሩ። ከአራታችን ማናችንም አላሰብነውም፤ ሐኪም የተባልኩት እኔም ጭምር።

ያልጠየቅኩት ጥያቄ

አምስት ሳምንት አለፈ። አብሮ አደጌን ማታ ማታ ትኩሳት ጀመረው። ላብ፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። አንድ ክሊኒክ ሄደ። ወባ ተመርምሮ የለም ተባለ። "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። ማታ ደወለልኝ፦

"ዶክተርዬ፣ ምን ይሻለኛል?"

"የተሰጠህን ጨርስ፣ ፈሳሽ በደንብ ውሰድ" አልኩት።

ስህተቴ ይኼ ነው። "ሰሞኑን የት ሄደህ ነበር?" ብዬ አልጠየቅኩትም። አብሬው የሄድኩ ሰው ሆኜ! አምስት ሳምንት ስላለፈው ሽርሽሩ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ለማላውቀው በሽተኛ የምጠይቀውን ጥያቄ ለወንድሜ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁ።

መድኃኒቱ አለቀ፤ ትኩሳቱ አልለቀቀውም። በዚያ ላይ ደረቅ ሳል መጣ፣ ቆዳው ላይ የሚያሳክክ እብጠት ወጣ ጠፋ ይል ጀመር፣ ሆዱም ተበላሸ። እናቱ ይዘውት መጡ። "ልጄ ከሳብኝ፣ ሱሪው እየወረደ ነው፤ እስቲ አንተ እየው" አሉኝ። ደሙን ስናየው ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ከልክ በላይ ጨምረዋል። እነዚህ ሕዋሳት የሚበዙት በአለርጂ ወይም ሰውነት ውስጥ የገባ ጥገኛ ትል ሲኖር ነው።

እኔ ውጤቱን ይዤ ሳስብ፣ እሱ ደግሞ እናቱን ለማጫወት በስልኩ የሽርሽሩን ፎቶ ያሳያቸዋል። ዞር ብዬ አየሁ። ቄጠማ መሃል ቆሞ፣ ውሃ እስከ ጉልበቱ፣ ጥርሱን ከፍቶ ይስቃል። አጠገቡ እኔ አለሁ።

ቢልሃርዚያ!

እንዴት ይይዛል?

ቢልሃርዚያ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ዙሪያ የሚገኝ፣ ብዙዎቻችን በባዮሎጂ መጽሐፍ ብቻ የምናውቀው በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል በበሽታው ከተያዘ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። ተፈልፍሎ ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቄጠማ ሥር የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተራብቶ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣል። እጩ በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ ሞቅ ባለችበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሽርሽር የወጣ ሰው ጫማውን የሚያወልቅበት ሰዓትም እሱ ነው።

እጩ ቁስል አይፈልግም። ጤነኛ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። በደም ተጉዞ በሳንባና በጉበት በኩል ያልፋል፤ አድጎ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ ያውም ለዓመታት።

ለውሃው እንግዳ የሆነ ሰው፣ እንደ እኛ ማለት ነው፣ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ በኃይል ሊቆጣ ይችላል። ትኩሳቱም፣ ሳሉም፣ ማሳከኩም የዚያ ቁጣ ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ምንም አይሰማውም። አስቸጋሪው እሱ ነው። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ እንቁላሎቹ ጉበትን ያጠነክሩታል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም ማስታወክም ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ "ታይፎይድ" ከየት መጣ? ብዙ ቦታ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም፤ ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው የሚለካው። ድሮ ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም "ፖዘቲቭ" ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ያቺ ወረቀት ብቻዋን መልስ አትሆንም።

የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ ምንም አላሳየም። ይኼ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ትሎቹ አድገው እንቁላል መጣል እስኪጀምሩ 6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚፈጅ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ "የለም" ሊል ይችላል። ምልክቱን የሚያስታግስ ሕክምና ሰጥተነው ጠበቅን። በ8ኛው ሳምንት ስንደግመው እንቁላሉ ተገኘ። ውሃ ውስጥ የገባነው አራታችንም ተመረመርን፤ ከቀሪዎቻችን አንደኛው፣ አንድም ቀን ያላመመው ባልደረባዬ፣ እሱም ተገኘበት። እኔ ሁለቴ ተመርምሬ ነጻ ነኝ፤ ዕድል እንጂ ብልጠት አይደለም።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በኪሎ ተሰልቶ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ያደገውን ትል ይገድላል፤ ገና ያላደገውን ግን በደንብ አያገኘውም። "ለማንኛውም" ብሎ ከሽርሽር በማግሥቱ መዋጥ የማያዋጣው፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ የሚደገመው ለዚህ ነው። ሁለቱም ልጆች ታክመው ዛሬ ደህና ናቸው። ታሪኩን የጻፍኩትም በፈቃዳቸው ነው።

ስለዚህ በሽታ ሲነሣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆመው፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች እይታ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እሳቸው ሌላው ሰው በየቀኑ አይቶ የሚያልፈውን ልብ አሉ። እኔ ደግሞ ፎቶው በገዛ ስልኬ ውስጥ እያለ አላየሁትም።

ታዲያ አንሂድ ወይ?

ሂዱ! እኔም እንደገና እሄዳለሁ። ጀልባ ላይ መቀመጥ ቢልሃርዚያ አያሲዝም። አደጋው ያለው ዳር ላይ፣ ቄጠማው ጋ ነው። ግን እነዚህን ያዙ፦

👉 ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ፤ ለልጆች የልጆች ልክ ይሁን። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም ማለት ያቆማል ማለት አይደለም። ዋና የማይችል ሰው ሁለት ሜትር ውሃም ይበቃዋል።

👉 ዳር ላይ ውሃ ውስጥ አትግቡ። በድልድይ ወይም በደረቅ መሬት የሚያወርድ ቦታ ጠይቁ። የግድ ከሆነ ረጅም ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ስሊፐር አይከላከልም።

👉 ውሃ ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ ፈግፍጋችሁ ማድረቅ ሊረዳ ይችላል፤ ግን በእሱ አትተማመኑ። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ ባያማችሁም፣ ሰገራ ተመርመሩ።

👉 የምትጠጡትን ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ዓሣው ደግሞ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ዓሣም የራሱ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል።

👉 ማምሸት ወይም ማደር ካለ አጎበርና እጅጌ ረጅም ልብስ ያዙ። ዝዋይ ከቡታጅራ ዝቅ ያለ፣ ሞቃትና ወባ ያለበት አካባቢ ነው።

👉 ከሽርሽር በኋላ ትኩሳት ከመጣ በመጀመሪያ፣ ያውም በዚያው ቀን፣ የወባ ምርመራ አድርጉ። ወባ ጊዜ አይሰጥም።

👉 ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ተናገሩ፦ "ከዚህን ያህል ሳምንት በፊት እንዲህ ያለ ሐይቅ ሄጄ ውሃ ውስጥ ገብቻለሁ።" ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አብሮ አደጌን ከሁለት ሳምንት ስቃይና ከማይመለከተው መድኃኒት ታድነው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ለባለጀልባው ደወልኩላቸው፤ ለሌሎች እንግዶች እንዲያስጠነቅቁ ብዬ። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ እናንተ አሥር ደቂቃ ነው የቆማችሁት፤ የእኛ ልጆች እኮ ውሃ የሚቀዱትም፣ የሚዋኙትም፣ የሚያጠምዱትም እዚያው ነው" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ የሚሰጠው ክኒን ለዚህ ነው፤ ግን መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውሃ ካልተሟላ ልጁ ዛሬ ታክሞ ነገ እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሽርሽር ስትሄዱ ሐይቁን ሽንት ቤት አታድርጉት። ከከተማ ይዘነው የምንሄደው በሽታ ሊኖር ይችላል፤ ለእነሱ ልጆች ጥለንላቸው አንምጣ።

ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከጣና በቅርብ የተመለሰ ጓደኛ ካላችሁ ይኼን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት። ያልጠየቅኩትን ጥያቄም እናንተ ጠይቁልኝ፦ "ውሃ ውስጥ ገብተህ ነበር?"

መልካም ጤንነት!